የመቀነት ጥየቃ

ሕመሙ የመጣው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳለ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ወገቡን ሁለቴ መታ መታ አደረገ፤ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሣም። አጠገቡ ያለችው ሴት እንደዚሁ አደረገች። በሩን የተደገፈው ጎረምሳ ሳምቡሳውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ በቀኙ መታ። ሹፌር የለም፤ ቢኖር እሱም ይመታ ነበር። ሁሉም የሰሜን በር እድር አባላት ናቸው፤ የጠየቁትም እኔን ነው። አንዲት አባል እንደታመመች ወገባቸው ላይ የታሰረው የእድሩ መቀነት ነግሯቸዋል፤ እነሱም በጣታቸው እግዜር ይማርሽ ብለዋል። የታመመችው ሴት ክንዳቸው ሥር ቆማ እንደነበረች ያወቀ የለም። ለማወቅ የሞከረም የለም።

የእነሱ ምታት እኔ ዘንድ ሲደርስ መቀነቴ ጨመቅ ያደርገኛል። በእድሩ ደንብ ስሙ ማጽናኛ ነው። መጀመሪያ አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ያጽናኑኛል፤ ከዚያ የፎቃችን ሰዎች፤ ከዚያ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ፈረቃ ላይ ያሉት፤ ከዚያ ገበያተኛው። ሕመሜ ከእምብርቴ በታች፣ በዳሌ አጥንቶቼ መካከል ነው። መቀነቱም የሚጨምቀው እዚያው ነው። ሲጨምቀኝ ሕመሙ ይብሳል፤ ሲብስ መቀነቱ ለእድሩ ይናገራል፤ እድሩም እንደገና ይጠይቀኛል። በደህና ቀን ይህ ከሰፈሬ እስከ መሀል ደብረ ብርሃን ይዘልቃል።

ከፊት ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። እኔ ከተቀመጥኩ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ድሮ ሰው ሲታመም ሰው ይሄድ ነበር። ብርቱካን ይዞ ይሄዳል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ስለ ሕመሙ ትንሽ ይጠይቅና የቀረውን ጊዜ ሌላ ሰው ሲያማ ይቆያል። በሽተኛው ሐሜቱን ሲሰማ ሕመሙን ይረሳል። እናቴ እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ። አሁን ፎቁ ረጅም ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰው ሥራ አለው። ስለዚህ ጥየቃው ወገብ ላይ ታሰረ። ማንም አልቀረም፤ ያልመታ አባል ይቀጣል። ቅዳሴ ላይ የምእመናኑ እጅ እንደ ነፋስ የነካው ማሳ ወደ ወገብ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል። የሠርግ ፎቶዎች ላይ ከሚዜዎቹ ግማሾቹ ወገባቸውን እንደያዙ ነው የተነሡት። ሕፃናት እማዬ ከማለታቸው በፊት ወገባቸውን ይመታሉ፤ ወላጆች ያጨበጭባሉ። እንዲህ ያለ ርኅሩኅ ሕዝብ በታሪክ አልታየም ተብሎ በየስብሰባው ይነገራል። እኔም እስማማለሁ። አልታየም።

ሥራዬ የመለኪያዎች ማረጋገጫ ነበር። የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የነዳጅ መቅጃ፣ የውሃ ቆጣሪ ስፈትሽ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ፊዚክስ ውስጥ ለእንጀራዬ የጠቀመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃ የሚለውን አለማመን።

ባለቤቴ ሲሞት ድንኳኑ ግድግዳ ላይ የእኔ ቁጥር ይታይ ነበር። ስለ እሱ የምጽፈው ነገር የለም። የምጽፈው ስለ ቁጥሩ ነው። መቀነቱ ሕመምን ብቻ ሳይሆን ሐዘንንም ያነባል፤ በደንቡ መሠረት የቀዳማዊ ሐዘንተኛ ንባብ ለለቀስተኛው ክፍት ነው። የገባው ሁሉ መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ከፍ ሲል ይንሾካሾካሉ፤ ዝቅ ሲልም ይንሾካሾካሉ። አንዱ ሽሮ እየጠቀለለ «አሁን ወረደ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዕድሜዬን የሌላውን ቁጥር ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእኔን ማንም እንዲያነበው አልፈለግሁም። ወዲያው አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ ሰውነቴን ከታች፣ ሽንቱን እንደሚይዝ ሰው፣ አጥብቄ ከያዝኩ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ያዝኩ። አስከሬኑ ሲወጣ ያዝኩ፤ ሰልስት ያዝኩ፤ አርባው ሲወጣ ያዝኩ።

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ሶልያና ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ነበር። «አንቺ፣ ቁጥርሽ ሞተ እኮ! ሰው ምን ይላል? ትንሽ አልቅሺ እንጂ።»

«አንቺ እያለቀስሽልኝ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር። የሶልያና ለቅሶ በእድሩ ውስጥ አቻ አልነበረውም፤ የማታውቀው ሰው ሲሞት እንኳ ንባቧ ከልጆቹ ይበልጥ ነበር።

ጥቁር ልብሴን ካወለቅሁ በኋላ የያዝኩትን ልልቀቀው አልኩ። አልለቅ አለኝ። በዚያው ሰሞን ወንበር ላይ መቀመጥ የተሳለ ነገር ላይ እንደመቀመጥ ሆነ።

ሐኪም ቤቶቹ ሰነፉ አልልም። አንደኛው የኢንፌክሽን መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሁለተኛው ፊኛዬን መረመረ፤ ሦስተኛው ማህፀኔን አወጣ። ሕመሙ ከወጣው አካል ጋር ትውውቅ እንዳልነበረው ሁሉ ባለበት ቀረ። አራተኛው ምስሉን አይቶ «ምንም የለብዎትም፣ እናት» አለኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገ። ከሁሉም የጎዳኝ እሱ ነው። ምሳዬን መደርደሪያ ላይ አድርጌ ቆሜ እበላ ጀመር። ዜና ቆሜ አያለሁ። እንግዳ ቢመጣ ቆሜ አስተናግዳለሁ። የመጣ ግን የለም፤ ሁሉም ከያለበት ይጠይቀኝ ነበር።

በዚህ መካከል እድራችን የክልሉን የርኅራኄ ዋንጫ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ዋንጫው የሚሰጠው ብዙ ለጠየቀ እድር ነው፤ ብዙ ለመጠየቅ ደግሞ የማይድን ሰው ያስፈልጋል። እኔ ነበርኩ።

«ሄርሜላዬ፣ ዛሬ ስንቴ እንደመታሁልሽ ብታውቂ!» ትለኛለች ሶልያና ኮሪደር ላይ ስንገናኝ። «ጣቴ ደነዘዘ እኮ።»

«ግድግዳውን ብትመቺው ይሻል ነበር። ቢያንስ እሰማሽ ነበር።»

«ግድግዳ አይቆጠርማ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ከለቅሶዋ ያላነሰ ነበር።

ያን ቀን በአውቶቡሱ የሄድኩት ወደ ዶክተር ፍኖት ነበር። የምትሠራው ከአንድ ባትሪ መጠገኛ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሆስፒታል ያስወጧት በሽተኞቿ ስለማይመለሱ ነው ይባላል። ይህን ሲነግሩኝ የገደለቻቸው መስሎኝ ነበር።

«ይቀመጡ» አለችኝ።

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው እኔም ልነሣ።» ተነሣች። ስናወራ የዋልነው ሁለታችንም ቆመን ነው። ከዚያ አልጋ ላይ አስተኝታ መረመረችኝ፤ ሌሎቹ የፈለጉት የሚቆረጥ ነገር ነበር፣ እሷ ግን ጡንቻውን ነው የዳሰሰችው። እጇን ታጥባ ስትመለስ ጭብጧን አሳየችኝ። «እንዲህ ነው ያለው። ከታች ያለው ጡንቻዎ በሙሉ ጨብጦ ነው ያለው። ይህን ያህል ዓመት ጨብጦ የማያመው እጅ የለም።»

«ታዲያ ምን ይቆረጣል?»

«ምንም። ሕመሙ እውነት ነው። የሌለው ጉዳቱ ነው።»

«ይህንን ሌላውም ነግሮኛል። ምንም የለብዎትም ብሎ።»

«እኔ ምንም የለብዎትም አልወጣኝም። ሕመም አለብዎት፤ ሕመም የሚሠራው ነርቭ ነው፤ ነርቭዎ ደግሞ ሥራውን ከልክ በላይ እየሠራ ነው።» የጠረጴዛውን ጠርዝ ተደገፈች። «ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ኡኡ ብትል ምን ይሆናል?»

«አሁን? ወገባቸውን ይመታሉ።»

«ድሮስ?»

«ይወጡ ነበር።»

«ኡኡ እያሉ ነበር የሚወጡት። ሌባው ከሸሸ በኋላም ጩኸቱ አይቆምም፤ ያኛው የሚጮኸው ይህኛው ስለጮኸ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ድንጉጥ ይሆናል፤ ድመት አጥር ስትዘል ኡኡ ይባላል። የእርስዎ አከርካሪና አእምሮ እንደዚያ ሰፈር ናቸው። መጀመሪያ አንድ ነገር ነበር። ዛሬ የለም። ጩኸቱን ግን ለምደውታል። ወንበር ሲያዩ ይጮኻሉ። ወንበር ድመት ነው።»

«እኔ ድመት ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

«ቀልድ ነው? ጥሩ ነው። የሚቀልድ ሰው ይድናል።»

«ንቀት ነው» አልኳት።

«እሱም ይረዳል» አለች፤ ቅር አላላትም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «መጀመሪያ ምን ነበር? ምንን ነው የያዙት?»

መስኮቱን አየሁ። ታች ባትሪ ጠጋኙ ከአንድ ደንበኛ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

«ቁጥር» አልኩ። «ቁጥር እንዳይወጣ ነው የያዝኩት።»

አልገፋችም። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ፤ የማከብራቸው ሰዎች ብዙ አይደሉም። ለምርመራው አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን መቀነት ብቻ በአገጯ አመለከተችኝ። መቀነቱ ባዶ አየር ይጨምቅ ነበር። ከውሃ እንደወጣ ዓሣ እየተኮማተረ፣ እየተዘረጋ፣ እንደገና እየተኮማተረ። ከአውቶቡሱ የተረፈው ጥየቃ ገና እየደረሰ ነበር ማለት ነው።

አፈርኩ። ያፈርኩት በሙያዬ ነው። የሚለካውን ነገር የሚለውጥ መለኪያ መለኪያ አይደለም፤ ይህን በነዳጅ ማደያ ባለቤቶች ላይ ስጮኽ ኖሬአለሁ። ስንቱን መቅጃ ከዚህ ባነሰ ጥፋት አሽጌአለሁ። የራሴን ወገብ ግን አንድ ቀን አልፈተሽኩም፤ ምክንያቱም ያሰሩልኝ እግዜር ይማርሽ ብለው ነው።

«በጥቂት በጥቂቱ ይቀመጣሉ» አለች ዶክተር ፍኖት። «ሕመሙ ሲመጣ አይሽሹት፣ አይታገሉት። አውቄሃለሁ፣ ድመት ነህ ይበሉት። ትንፋሽዎን ወደ ታች ይልቀቁ። ሰፈሩ ሌባ እንደሌለ በንግግር አያምንም፤ ደጋግሞ ማየት አለበት። ነገር ግን በየደቂቃው አይዞሽ ታመሻል ወይ እየተባለ የሚረጋጋ ሰፈር አላውቅም። ይህን ታስረው አይሆንም።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም ቢሮ ሁለት ዋንጫዎችና ብዙ ወንበሮች አሉበት። በወንበሮቹ መካከል ቆሜ ለጥቂት ወራት መቀነቱን እንዳወልቅ እንዲፈቀድልኝ ጠየቅሁት።

«ወይዘሮ ሄርሜላ!» አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንዲህ ተወደው? እንዲህ ተጠይቀው?»

«ያሳመመኝ መጠየቁ ነው፣ ጋሽ ናሆም።»

«አያድርስ! ጥየቃ ሰው ያሳምማል? ይህን የመሰለ ነገር በአባቶቻችን ዘመን ተሰምቶ ያውቃል?»

«በአባቶቻችን ዘመን ሰው ነበር የሚመጣው። እኔ ዘንድ የሚመጣው ጣት ነው።»

«ጣትስ የሰው አይደለም?» በራሱ መልስ ተደሰተና ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «እንዳይከፋዎት። ደንቡ ግልጽ ነው። ወገቡ አንድ ወር ያልተቆጠረ አባል አባል አይደለም። ሕመምዎ እኮ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።»

«እንግዲያው ተካፈሉት።»

አልሰማኝም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። «አባል ካልሆኑ ቦታውም ይቀራል» አለ።

ቦታው ይህ ነው። በከተማችን የመቃብር መሬት ካለቀ ቆይቷል። ሙታን በየእድራቸው ግድግዳ ውስጥ ይደረደራሉ፤ ባልና ሚስት አንዱ በሌላው ላይ። ባለቤቴ ከታች ነው። ከእሱ በላይ ያለው ባዶ ነው፣ የእኔ ነው። ለዚያ ቦታ ስል ብዙ ስብሰባ ታግሻለሁ።

«ተረኛዋ እትዬ ሶልያና ናቸው» አለ ጋሽ ናሆም፤ ሐዘኑን ፊቱ ላይ አስተካክሎ። «ምስኪን፣ ባላቸው ከሌላ ሚስቱ ጋር ነው ያረፈው። ቦታ የላቸውም።»

በዚያው ቀን ሶልያና ደጄ መጣች። የእኔ በር ላይ ከቆመች ዓመት አልፎ ነበር።

«ልትወጪ ነው አሉ?»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ነዋ! እኔ እንድትወጪ አልፈልግም፣ ሄርሜላዬ፤ እግዜር ያውቃል። ግን ከወጣሽ…» መሬት መሬት አየች። «ካንቺ ሰውዬ በላይ መተኛት አሳፈረኝ እኮ። ሲያንኮራፋ በግድግዳ እሰማው ነበር።»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያው ከታች ያዝኩት።

መጀመሪያ ሁለቱንም ለማግኘት ሞከርኩ፤ ቦታውንም ጤናዬንም። መቀነቱን እንደታጠቅሁ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወንበሩ ላይ አደረግሁና ተቀመጥኩ። ትንፋሼን ወደ ታች ላክሁ። ድመት ነህ አልኩት። ሕመሙ ትንሽ እንዳመነታ ማጽናኛው መጣ፤ ፋብሪካው አጽናናኝ፣ ገበያው አጽናናኝ፣ በስም የማላውቃቸው ሰዎች ጥርሳቸውን እየፋቁ አጽናኑኝ። ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ። ይህን ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። ከውድቀቴ የተማርኩት የእድሩን ትጋት ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ግድግዳው ፊት ለጎብኚ አግዳሚ አለ፤ እንደ ልማዴ አልተቀመጥኩበትም። ባዶውን ቦታ አየሁ። ለስሜ የተተወው እብነ በረድ ንጹሕ ነበር፤ ጽዳት ሠራተኞቹ በደንብ ነው የሚይዙት። እዚህ ለመተኛት ቀሪ ዕድሜዬን ቆሜ ልጨርስ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስለ ባለቤቴ አልጽፍም ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ። ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወጥ ማማሰል፣ ዕቃ ማንሣት፣ መጋረጃ ማስተካከል ልማዴ ነበር። እሱ ጋዜጣውን ሳያወርድ «ቁጭ በይ እንጂ» ይለኛል። ሁልጊዜ፣ በዚያው ድምፅ። መልስ አይጠብቅም። አንድም ቀን እንዴት ነሽ፣ ምን ሆነሽ ብሎ አላደከመኝም። ቁጭ በይ እንጂ።

እዚያው ግድግዳው ፊት መቀነቱን ፈታሁት። ሥራ ላይ እጠቀምበት የነበረ የድሮ የሚዛን ድንጋይ ሳጥን ቤት ውስጥ ነበረኝ፤ እዚያ አስገብቼ ቆለፍኩበት። ከውጭ ለብዙ ቀን ሲንፈራፈር ይሰማ ነበር። ከዚያ ተወኝ። የወሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ናሆም ስሜን በሐዘን ሰረዘ፤ ሁሉም በሐዘን ወገባቸውን መቱ፤ እኔ አልተሰማኝም።

መዳን እንደሚያወሩት አይደለም። መቀነቱ ከወለቀ በኋላም ወገቤ ከልማድ ይጨመቅ ነበር፤ ነርቭ እንደ አሮጌ ሎሌ ነው፣ ጌታው ከሞተም በኋላ ይነሣል። ብርድ ልብሱ ላይ እቀመጣለሁ፣ ያመኛል፣ እንደማልጎዳ አውቃለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እነሣለሁ። በማግሥቱ ትንሽ እጨምራለሁ። የተሻለኝ መስሎኝ ሳለ ሳምንቱን ሙሉ የሚያስተኛኝ ሕመም መጣ። ወደ ዶክተር ፍኖት ሄጄ «ውሸታም ነሽ» አልኳት።

«ምን አዲስ ነገር አለ?» አለች።

«ምንም። የባለቤቴን ልብስ ለሰው ሰጠሁ።»

«እንግዲያው አልዋሸሁም» አለች። ወደ ቤቴ ስመለስ ሕመሙ አብሮኝ ነበር፤ አልፈራሁትም ግን። መጀመሪያ የጠፋው ፍርሃቱ ነው፤ ሕመሙ ሌላ ሥራ እንዳጣ ሰው ትንሽ ተንጠልጥሎ ቆየና እየቀነሰ ሄደ። ምሳዬን ቁጭ ብዬ መብላት ጀመርኩ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ የማንም እጅ ወደ ወገቡ አልሄደም። በሰው መካከል እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ እንደዚያም ተመችቶኝ አያውቅም።

አንድ ረፋድ ላይ ግድግዳው ተመታ። መጀመሪያ ዕቃ የወደቀ መሰለኝ። እንደገና ተመታ፤ ሁለቴ።

የሶልያና በር አልተቆለፈም ነበር። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ክንዷን ማንሣት አቅቷታል። አምቡላንስ ጠራሁና አጠገቧ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩ። በልብሷ ውስጥ መቀነቷ ሲጨመቅ፣ ሲለቅ፣ ሲጨመቅ ይታየኝ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እየጠየቃት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ አልነበረም።

«ፍቺልኝ» አለች። ፈታሁላት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ከዚያ እኔን አየችኝ፣ የተቀመጥኩበትን ወለል አየች። «አንቺ… ተቀምጠሻል እንዴ?»

«ተቀምጫለሁ።»

«አያምሽም?»

«ዝም በይ። ስለ ሌላ ሰው አውሪኝ።»

ሳቀች፤ ሳቁ ከከንፈሯ አላለፈም። «ናሆም… ፀጉሩ የራሱ አይደለም» አለች። እኔም ጠርጥሬ እንደነበር ነገርኳት። ጥቂት ቆይታ «ቦታሽን ልወስድብሽ ነው» አለች።

«ያንኮራፋል» አልኳት። «ለምደሽዋል።»

አምቡላንሱ ሲደርስ እጇ በእጄ ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን አልነበረችም።

ሶልያና ከባለቤቴ በላይ ተቀበረች። ንጹሑ እብነ በረድ ላይ ስሟ ተጻፈ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። አባል ያልሆነ ሰው ድንኳን አይገባም የሚል ደንብ የለም፤ ማንም አስቦት አያውቅም።

ልጆቿ ከሩቅ ስለሚኖሩ ግድግዳው ላይ የሚታየው የእድሩ አጠቃላይ ንባብ ነበር። ጥሩ ቁጥር ነበር። ሰዎቹ በየወንበራቸው ተደርድረው፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ በየጊዜው ወገባቸውን መታ ያደርጋሉ። የሚያለቅስ አልነበረም። የምታለቅስላቸው መቃብር ውስጥ ነበረች። ጋሽ ናሆም ከፊት ቆሞ ሟቿ በርኅራኄ ንባብ ለእድራችን ያስገኘችውን ክብር ይዘረዝር ነበር፤ ብቻዋን እንዳልሞተች፣ በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ እድሩ በሙሉ አጠገቧ እንደነበረ ተናገረ። ግድግዳዬን መምታቷን የሚያውቅ የለም። ልነግራቸውም አልፈለግሁም፤ ግድግዳ አይቆጠርም።

የእንጨት ወንበር ነበር፤ ደረቅ፣ መደገፊያ የሌለው። ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ከታች ያዝኩ። ከዚያ መያዜን አወቅሁ፤ እጅ ሲጨብጥ እንደሚታወቅ እንዲሁ አወቅሁት። ግድግዳውን አየሁ። እዚያ ላይ የእኔ የሆነ ምንም አልነበረም። ትንፋሼን ወደ ታች ላክሁት፤ የያዝኩት ነገር ጣት በጣት ተፈታ።

የወጣው ድምፅ አስደነገጠኝ። የእኔ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ለሟች እንደሚደረገው በስም እየጠራሁ አለቀስኩ፤ የጠራሁት ስም የሶልያና አልነበረም።

ጋሽ ናሆም ንግግሩን አቆመ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፣ ጠበቀ። መቀነታቸው ምንም አልነገራቸውም። ግድግዳውን አዩ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ወገባቸውን ዳሰሱ። አንዲት ሴት ከፊታቸው በሙሉ ድምፅዋ ስታለቅስ፣ ማን እንደታመመ ለማወቅ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር።

እኔ አልተነሣሁም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።